ባዶ የዋለው ሳፋ

በማተሚያ ቤቱ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ስህተት ስትለቅም የኖረች አራሚ ናት። አንዲት ነጥብ ከጎደለች ማሽን ታስቆማለች፤ ክርክር ሲነሣም የመጨረሻዋን ቃል ተናግራ ወደ ወረቀቷ ትመለሳለች። ባልደረቦቿ «አራት ነጥብ» ብለው ስም አወጡላት። እሷም አልጠላችውም። «ከድርብ ሰረዝ ይሻላል፤ ቢያንስ የት እንደምቆም አውቃለሁ» ትል ነበር።

አላገባችም፤ አልወለደችም። እናትና አባቷ ተከታትለው ሲሞቱ የሰባት ዓመት ልጅ የነበረውን ወንድሟን ግን አሳድጋለች፣ አስተምራለች፣ ድራለች። ዛሬ የሠላሳ አምስት ዓመት ጎልማሳ ቢሆንም እሷ ዘንድ ስሙ እስካሁን «ማሙሽ» ነው። ማሙሽ አግብቶ ሲወጣ ቤቱ ጭር አለባትና ሁለት ጥንቸሎች አመጣች። ግራጫው ደረቱን ነፍቶ ክፍል ለክፍል ስለሚዞር «ሻለቃ» ተባለ። ነጯ እርጥብ ነገር ላይ እግሯን የማታሳርፍ ቅንጡ ነበረችና «እሜቴ» ሆነች። እሜቴ ከመምጣቷ በፊት የግራ ጆሮዋን ጫፍ የሽቦ ቤት ቦጭቆት ኖሮ፣ ቁስሉ ድኖ ትንሽ ስንጥቅ ቀርቷል።

ጥንቸል ቤት ውስጥ ማኖር እንደ ድመት የቀለለ መስሏት ነበር። በመጀመሪያው ወር ምንጣፉ፣ ሶፋው፣ የመጽሐፍ መደርደሪያው ሥር ሁሉ ሽንት በሽንት ሆነ። በኋላ ግን ምስጢሩ ገባት፤ ጥንቸል እየበላ ነው የሚጸዳው። ዝቅ ያሉ ሁለት የፕላስቲክ ሳፋዎች ገዝታ በሳሎኑ ጥግ አስቀመጠች፤ ከእያንዳንዱ ሳፋ በላይ የሳህን ማድረቂያ ሽቦ ሰቅላ ድርቆሽ ሣር ሞላችበት። ጥንቸሎቹ ሳፋው ውስጥ ገብተው ቁጭ ይላሉ፤ ድርቆሹን ከላይ እየመዘዙ ያኝካሉ፤ እዚያው ይጸዳዳሉ። ምንጣፉ ዳነ።

ሳፋው ውስጥ የሚነጠፈውም ብዙ አስቸግሯት ነበር። ሰጋቱራ ስትሞክር አቧራው ሻለቃን አስነጠሰው። ጋዜጣ ስታነጥፍ እሜቴ ቀለሙን ላሰችው። መላውን ያመጣችላት የማተሚያ ቤቱ ጠራዥ ናት፤ አሥራ ስምንት ዓመት በአንድ ጠረጴዛ አብራት ምሳ የበላች፣ የቤቷ ቁልፍ ያላት ብቸኛ ጓደኛዋ። መጻሕፍት ሲከረከሙ ከመቁረጫው ሥር የሚወድቀውን ነጭ የወረቀት ክርክም በየሳምንቱ በከረጢት ትሞላላታለች።

አራት ነጥብ ሁልጊዜ ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ ሳፋዎቹን ታያለች። በጠጡ ክብ፣ ደረቅና ብዙ ከሆነ ጥንቸሎቹ ደህና ናቸው። ትናንሽ ከሆነ ድርቆሽ አንሷቸዋል። ከዚያ ወረቀቱን ትለውጣለች፤ ከሥር የጋገረውን ሽንት በአቼቶ ታስለቅቀዋለች፤ ድርቆሹን ደግሞ በእጇ ዘርግታ ታሸተዋለች፤ የሻገተ ወይም አቧራ ያለበት ከሆነ ትጥለዋለች።

«ሰው ጠዋት ሲነሣ መስታወት ያያል፤ አንቺ በጠጥ ታያለሽ» ትላታለች ጠራዧ።

«መስታወት የሚነግረኝን አውቀዋለሁ» ትላለች አራት ነጥብ።

አንድ ጠዋት ታዲያ የምታርመው ገጽ ላይ፣ በግራ በኩል፣ ጥቁር መጋረጃ የመሰለ ነገር ወረደ። ዓይኗን ብታሸው አይሄድም። የቀኝ ዓይኗ ከልጅነቷ ጀምሮ ደካማ ነው፤ ሥራዋን ሁሉ የምትሠራው በግራው ነበር። ሐኪሙ የዓይኗ የውስጥ ሽፋን መላቀቁን ነግሮ በማግስቱ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋት፣ ከዚያም ለሁለት ሳምንት ያህል በአፍ ጢሟ ተደፍታ መተኛት እንዳለባት አስረዳት። ብቻዋን ስለምትኖር ሆስፒታል መቆየቱ ይሻላል ተባለ።

ማሙሽ «እታለም፣ ምንም አታስቢ፤ ከሚስቴ ጋር መጥተን እቤትሽ እናድራለን» አላት። ሚስቱ ፀጉር ሠሪ ናት። አራት ነጥብ ይህችን ሴት ብዙም አትወዳትም። በትክክል ምን እንዳደረገቻት ብትጠየቅ አትመልስም፤ ልጄ የምትለውን ወሰደችባት፣ ያ ነው።

ሆስፒታል ልትገባ በዋዜማው በትልልቅ ፊደል መመሪያ ጽፋ ከወጥ ቤቱ ማጠቢያ በላይ ለጠፈች። ድርቆሹ ሽቦው ላይ በምንም ሰዓት አይጉደል። ድርቆሹ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ይሁን፤ በረንዳ ላይ አይውጣ። ዳቦ አይሰጣቸው። በመጨረሻም ከሥሩ ሁለት ጊዜ ያሰመረችበት፦ ሳፋው ባዶ ከዋለ፣ ጥንቸሉ በጠጥ ካልጣለ፣ ነገ አይባል፤ በዚያው ሰዓት የእንስሳት ሐኪሙ ጋ ይደወል። የሐኪሙንም ስልክ ጻፈች።

ማሙሽ አንብቦ ሳቀ። «ለእኔ እንኳ እንዲህ አልጻፍሽልኝም።»

«አንተ ሲያምህ ትጮህ ነበር። ጥንቸል አይጮህም» አለችው።

ቀዶ ሕክምናው ደህና ሆነ። ዓይኗ ውስጥ ሽፋኑን ደግፎ የሚይዝ ዘይት ተጨመረበት፤ ለጊዜው ጥላና ቀለም እንጂ ሌላ አይታያትም። ሐኪሙ ለጠያቂዎቿ ሁሉ በሯ ላይ ቆሞ ነገራቸው። እንዳታለቅስ፣ እንዳታስል፣ እንዳትናደድ፣ ጎንበስ ቀና እንዳትል። እሷም ፊቷን መሐሉ ክፍት በሆነ ትራስ ላይ ደፍታ ቀኑን ሙሉ ወለል ታያለች፤ ወለሉም ቢሆን ጭጋግ ነው።

ጠራዧ አንድም ቀን አልቀረችም። ከሥራ ስትወጣ ትመጣለች፤ ወንበር ስባ ጆሮዋ አጠገብ ትቀመጣለች። መጀመሪያ ላይ «ደህና ናቸው፤ ይበላሉ» ብቻ ነበር የምትለው። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ወሬው ጣፈጠ። አንድ ቀን እሜቴ ከሻለቃ አፍ ድርቆሽ መንትፋ ሮጠች፤ ሻለቃ ከኋላዋ ሲከተል ሶፋውን ሁለት ጊዜ ዞሩት። ሌላ ቀን እሜቴ ገና አዲስ የተለወጠ ሳፋ ውስጥ ገብታ፣ ማሙሽ ሊያወጣት ቢሞክር ጀርባዋን ሰጠችው። አራት ነጥብ ትራሱ ውስጥ አፏን ቀብራ ትስቃለች፤ ነርሷ መጥታ ትቆጣታለች። ጠያቂ ሲሄድ ሌላው በሽተኛ ጸሎት ሲያደርስ፣ እሷ የእሜቴን ወሬ ትደጋግማለች። ያን ሁሉ ቀን ተደፍታ የቻለችው በእሱ ነው።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ወጣች። ማሙሽና ጠራዧ በሁለት ጎኗ ደግፈው ወደ ቤት አስገቧት። ሳሎኑ በአቼቶ ታጥቧል። ሻለቃ ሳሎን ነው፤ እሜቴ ግን መኝታ ቤት ለብቻዋ ተዘግቶባታል።

«ምነው?» አለች።

«ተጣሉ» አለ ማሙሽ ፈጠን ብሎ። «ቁርጥ ያለ ጠብ ነው፤ ሻለቃ ፀጉሯን ነጨው።»

«አምስት ዓመት አንገት ለአንገት ተቃቅፈው የተኙ?»

«ባልና ሚስትስ ይጣላ የለ» አለች ጠራዧ። «ይታረቃሉ። አንቺ ብቻ አትጎንበሺ።»

አልጎነበሰችም። ነጭ ጥላ ከአልጋዋ ሥር ሲያልፍ አየች፤ ደስ አላት። ሌላ ነገር አላሰበችም።

በማግስቱ ግን አልጋዋ አጠገብ ስትረግጥ እግሯ ራሰ። ሽንት ነው። በሠልስቱም እንዲሁ። እርጥብ ላይ እግሯን የማታሳርፈው እሜቴ በገዛ ምንጣፏ ላይ! ሳፋው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጧል፤ ድርቆሹም ተሰቅሏል። አራት ነጥብ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ቀድሞ ሌሊት ተኝታ እንኳ የምትለየው፣ ያ ቶሎ ቶሎ ድርቆሽ የመሰርሰር ድምፅ የለም። ይቺ ጥንቸል ድርቆሽ ምን እንደሆነ ያወቀች አትመስልም።

ሠራተኛ የለ፣ ጎንበስ ማለት ክልክል። ጠራዧ ክርክሙን ይዛ ስትመጣ «እስቲ እሜቴን አንሥተሽ ጭኔ ላይ አስቀምጪልኝ» አለቻት።

«ትቧጭርሻለች፤ ይቅርብሽ።»

«እሜቴ ቧጭራኝ አታውቅም።»

ጠራዧ እያመነታች አነሣቻት። አራት ነጥብ የጥንቸሏን ጀርባ ደባበሰች፤ ቀስ ብላ ወደ አንገቷ ወጣች፤ የግራ ጆሮዋን ከሥሩ ይዛ እስከ ጫፉ በሁለት ጣቷ ሄደችበት። ድፍን ነው። ቀኙንም ዳሰሰች። እሱም ድፍን ነው።

«ስንጥቁ የት ሄደ?»

«ድኖ ሞልቶላት ይሆናላ» አለች ጠራዧ።

«ጆሮ እንደ ጥፍር ይበቅላል እንዴ?»

«ውይ አንቺ ደግሞ! ዓይንሽ ገና አልጠራም እኮ፤ ምኑን አየሽውና ነው?»

«በጣቴ ነው ያየሁት» አለች አራት ነጥብ። ከዚያ በላይ አልተናገረችም። ጓደኛዋ ሌላ ወሬ ጀምራ፣ ሌላም ጨምራ፣ ቸኩላ ወጣች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የወንድሟ ሚስት ረስታው የሄደችውን የፀጉር ማድረቂያ ልትወስድ መጣች። ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ ወሬ የሚያጥራቸው ናቸው። ዕቃዋን ይዛ «በሉ እትዬ፣ ደህና ይዋሉ» ስትል አራት ነጥብ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ ተናገረች።

«ይቺ ጥንቸል እሜቴ አይደለችም።»

ፀጉር ሠሪዋ በሩ ላይ ቆመች። ከዚያ ተመልሳ ወንበር ላይ ቁጭ አለች፤ ማድረቂያውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«አይደለችም እትዬ። እሜቴ ሞታለች።»

«መቼ?»

«በሰባተኛው ቀን። እርስዎ ሆስፒታል በገቡ በሰባተኛው ቀን።» የማድረቂያውን ሽቦ ጣቷ ላይ ጠመጠመች። «ጥፋቱ ከእኔ ይጀምራል። ድርቆሹ ምንጣፉ ላይ ሲበተን ሰለቸኝና ከረጢቱን በረንዳ አወጣሁት። ዝናብ መታው፤ ሻገተ። እሱ ነገ እገዛለሁ እያለ ሦስት ቀን አለፈ። ዳቦና ሰላጣ ሰጠናቸው። ሻለቃ የሻገተውንም እየመረጠ በላ፤ እሷ ግን አልነካችም። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ሳፋዋን ሳይ ንጹሕ ነው። ምንም የለበትም።»

«እና?» አለች አራት ነጥብ።

«ደስ አለኝ፣ እትዬ። 'ዛሬስ አርፌያለሁ፤ የሚጠረግ የለም' አልኩ። በኋላ ማጠቢያው ጋ ቆሜ ሳህን ሳጥብ ወረቀቱን አነበብኩት። ክው አልኩ። ሮጬ ነገርኩት፤ 'እንደውል' አልኩት። 'እታለም ታካብዳለች፤ እስከ ነገ ምን ትሆናለች' አለኝ። ነገሩን ለእሱ ትቼ ሥራ ሄድኩ። ማታ ጓደኛዎ ስትመጣ ጥግ ላይ ደርቃ አገኘቻት።»

«ይቺንስ ማን አመጣት?»

«ጓደኛዎ ናት። ከሚያረቡ ሰዎች ነጭ መርጣ። 'ዓይኗ ስለማያይ አታውቅም፤ ቀስ በቀስ ትለምዳታለች' አለች። ማሙሽም ተስማማ። እኔ እንንገራት ብዬ ነበር። ግን በእናንተ መሐል እኔ ማን ነኝ?»

አራት ነጥብ አላለቀሰችም። ሐኪሙ ስለከለከላት አልነበረም፤ እንባው አልመጣም። ጣቷን አጥፋ ቀን ቆጠረች። በሰባተኛው ቀን ከሞተች፣ ጠራዧ የእሜቴን ጨዋታ ያወራችላት ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ስትስቅ የነበረው በሬሳ ነው። የወንድሟ ሚስት «አይዞዎት» እንኳ ሳትል ውኃ አምጥታ አጠጣቻት፤ መኝታ ቤቱን ጠርጋ፣ ሳፋውን አጥባ ሄደች።

ማታውን ማሙሽ ደወለ። ሚስቱ ነግራዋለች። «እታለም፣ ጥንቸል ናት እኮ፤ ሰው አልሞተ» አለ።

«እሱን አውቃለሁ።»

«ለአንቺው ብለን ነው።»

«ድርቆሹንም ያልገዛኸው ለእኔ ብለህ ነው? ያልደወልከውስ?»

ይህን ልጅ ትኩሳት በያዘው ቁጥር ስንት ጊዜ አቅፋው እንደሮጠች ልትነግረው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። የዋለችለትን ለሰው ቆጥራ አታውቅም፤ አሁን መጀመር አስጠላት። «ዓይኔ እስኪድን አትምጣ» አለችና ስልኩን ዘጋች።

ጠራዧ በሳምንቱ ከረጢቷን ይዛ መጣች። የሆነውን አልሰማችም። እንደ ወትሮው ጫማዋን አውልቃ ሶፋው ላይ ተደላድላ ተቀመጠች።

«እስቲ እሜቴ ድርቆሽ የመነተፈችበትን ቀን እንደገና ንገሪኝ» አለቻት አራት ነጥብ።

ጠራዧ ሳቀች። አወራችው። ወሬዋ ካለፈው ይልቅ አምሮበታል፤ ሻለቃ ሲንሸራተት፣ እሜቴ ዞራ ስታየው፣ ሶፋውን ሦስት ጊዜ ሲዞሩት።

«ያኔ ሁለት ጊዜ ነው ያልሽኝ።»

«ሁለትም ይሁን ሦስት፤ ማን ቆጠረው ብለሽ ነው?»

«ያን ዕለት እሜቴ ከሞተች አራተኛ ቀኗ ነበር።»

ሻለቃ ጥግ ላይ ድርቆሹን ይሰረስራል።

«ሐኪሙ እንዳታለቅስ አለ!» ብላ ፈነዳች ጠራዧ። «አንዲት እንባ ዓይንሽን ብታጠፋውስ? ከጥንቸልና ከዓይንሽ መረጥኩ። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

«ዝም እል ነበር። 'ደህና ናቸው' ብለሽ ብትሄጂ ይገባኛል፤ በእግሬ ከቆምኩ በኋላ ብትነግሪኝ እመርቅሽ ነበር። ያን ሁሉ ተረት ግን ማን ጠየቀሽ?»

«ስትስቂ አየሁሽ» አለች ጠራዧ በቀጭን ድምፅ። «ስትስቂ... መተው አቃተኝ።»

«እሺ፣ ከወጣሁ በኋላስ? ጆሮዋን ዳስሼ ስጠይቅሽስ? ያኔም ልታስቂኝ ነበር?»

ጠራዧ ከረጢቷን ወደ እግሯ ሳበች።

«ዓይኔን ተማምናችሁበት ነው። ዕውር ናት፣ አታውቅም ብላችሁ ነው» አለች አራት ነጥብ። ጠራዧ ተንሰቅስቃ አለቀሰች፤ ይቅርታም ለመነች። አራት ነጥብ ሰማቻት። ግን ከዚያ በኋላ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቁልፌን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪልኝ።»

ከሁለት ወር በኋላ ሥራ ገባች። ቅርብ ያለ ፊደል በአጉሊ መነጽር ታነባለች። በሩን ስታልፍ የማሽን ሠራተኞቹ ወሬያቸውን አቋረጡ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ደህንነቷን ጠየቁ። ከጥቂት ቀን በኋላ ከመጋዘኑ ግድግዳ ጀርባ ፊደል ለቃሚው ሲቀልድ ሰማች፤ «አራት ነጥብም አንዲት ስህተት አለፈቻት፤ ያውም ባለ ሁለት ጆሮ!» ሳቁ የብዙ ሰው ነበር። ሁሉም ያውቁ ነበር ማለት ነው። እሷ ተደፍታ ወለል ስታይ ማተሚያ ቤቱ በሙሉ የእሜቴን ሞት ያውቅ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳዋን በጠረጴዛዋ ላይ ብቻዋን ትበላለች።

አዲሱን ጥንቸል ልትጥለው አልቻለችም። በምን ጥፋቱ? የእንስሳት ሐኪሙ ዘንድ ስትወስደው ደግሞ ሴት እንኳ አልሆነም፤ ወንድ ነው። ከነገሯት ሁሉ እውነቱ የሁለቱ መጣላት ብቻ ነበር። ሐኪሙ አኮላሸው፤ ያኔ የሽንቱ ሽታም በየቦታው መርጨቱም ቀነሰ። የቀረውን እሷ አስተማረችው። ምንጣፍ ላይ የሸናውን በወረቀት መጥጣ ወረቀቱን ሳፋው ውስጥ ትከትታለች፤ ሽታውን ተከትሎ ይመጣል። ድርቆሽ ስለማያውቅ ከጥቂት የደረቀ ካሮት ቅጠል ጋር ቀላቅላ ሰቀለችለት፤ ቅጠሉን ሲፈልግ ሣሩን ቀመሰ። በመሐላቸው ሽቦ አቁማ፣ የአንዱን ሳፋ ከሌላው ጋር እያለዋወጠች፣ ሽታቸውን አለማመደቻቸው። በአምስተኛው ወር ሁለቱም ሽቦውን ተጠግተው ድርቆሻቸውን ይበሉ ጀመር። ሻለቃ ግን ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚበላው። ለአዲሱ ጥንቸል እስካሁን ስም አላወጣችለትም። አንሶላ ስትለውጥ፣ ነጭ ፀጉር እጇ ላይ ሲቀር፣ የማን እንደሆነ ማወቅ ያቅታታል።

ዓይኗ ውስጥ ያለው ዘይት የሚወጣበት ጊዜ ደረሰ፤ እንደገና ሦስት ቀን ሆስፒታል መተኛት አለባት። ብዙ አሰበችበት። በመጨረሻ የወንድሟ ሚስት የምትሠራበት ፀጉር ቤት ሄዳ፣ ደንበኛ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

«ሦስት ቀን ጥንቸሎቹን ትጠብቂልኛለሽ?»

ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያውን ይዛ ደነገጠች። «እኔ? ያን ሁሉ አድርጌ?»

«ድርቆሹን በረንዳ አታውጪ።»

«አላወጣም።»

«ሳፋው ባዶ ከዋለ ትደውያለሽ። ከሞቱም ሞቱ ትይኛለሽ። የዚያን ዕለት፣ በዚያው ሰዓት።»

«እነግርዎታለሁ» አለች።

ሦስቱንም ቀን ጠዋት ጠዋት ደወለች። ጨዋታ የለውም ወሬዋ፤ «የሻለቃ ብዙ ነው፣ ክብ ነው። የሌላው ትንሽ ቀነስ ብሏል፤ ድርቆሽ ጨመርኩለት» ትልና ትዘጋለች። አራት ነጥብ እንደዚያ ያለ ደረቅ ወሬ ሰምታ አታውቅም፤ ግን አመነችው።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዓይኗ ታሽጎ ጋደም ብላ ሳለ፣ በሩ ላይ ጠራዧ ነርሷን ስታነጋግር ሰማች። «ተኝታለች?» ትላለች በሹክሹክታ። ነርሷም «እንቅልፍ ወስዷት ይሆናል፤ ግቢና ቀስቅሻት» አለቻት።

ጠራዧ ገባች። ወንበሩን ሳትስብ አልጋው ራስጌ ቆመች። ትንፋሿ ይሰማል፤ አንድ ጊዜም ልትናገር ጀምራ ተወችው። አራት ነጥብ ነቅታለች። እጇን ከብርድ ልብሱ ብታወጣ ጓደኛዋን ትነካት ነበር። እጇን አላወጣችም፤ እንደ ተኛ ሰው በረጅሙ እየተነፈሰች ቆየች፤ ጠራዧ ቀስ ብላ ወጥታ፣ በኮሪደሩ ርቃ፣ የእግሯ ኮቴ እስኪጠፋ ድረስ።